የጥር ሙሽራና የነሐሴ ሙሽራ አንድ ዓይነት አበባ አይመርጡም

ሠርግ ሊደግስ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አዳራሽ ነው። ከዚያ ቬሎ፣ ከዚያ ምግብ፣ ከዚያ ካሜራ። አበባ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም «ዲኮር ሠሪው ያውቃል» ተብሎ። ዲኮር ሠሪውማ ያውቃል። የሚያውቀው ግን ለእሱ የሚቀለውን ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ለምትጋቡበት ወር የትኛው አበባ እንደሚሻል ራሳችሁ ብታውቁ ገንዘብ ይተርፋችኋል፤ አበባውም ኬክ እስኪቆረስ ድረስ አንገቱን አይደፋም።

እኛ አገር «የወቅቱ አበባ» ማለት ምን እንደሆነ አስቀድመን እንግባባ። ፈረንጅ አገር ወቅት ማለት የሚፈካው ነገር ነው፤ ይህኛው በጸደይ፣ ያኛው በበጋ። እኛ ጋ ሮዝ በግሪን ሃውስ ውስጥ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያብባል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ አገር ናት፤ አበባ የማይቆረጥበት ሳምንት የለም። ስለዚህ «በዚህ ወር ሮዝ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ሁልጊዜ አለ። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ በዚያ ሰሞን ከእኛ ጋር ስንት ሰው ያገባል? ጥሩው አበባ ለማን ነው የሚሄደው? ሰማዩስ ምን ዓይነት ነው? መልሱ ከወር ወር በጣም ይለያያል።

ጥር፦ ሁሉም ያገባል፣ አበባው ይሄዳል

ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት የሠርግ ሰሞን ናቸው። ጾመ ነቢያት አልቋል፤ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም፤ ዝናብ የለም። በዚህ ሰሞን ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤቱ ወጥቶ የሙሽራ መኪና ሳያይ የሚመለስ የለም።

በዚሁ ሰሞን ግን ፈረንጆቹ ለፍቅረኞች ቀን ይዘጋጃሉ። በእነሱ የካቲት ወር 14ኛው ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 7፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ የካቲት 6 ነው። አበባው የሚላከው በዕለቱ አይደለም። ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከደብረ ዘይት ወይም ከዝዋይ ተቆርጦ፣ ቀዝቃዛ ክፍል አድሮ፣ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ሱቅ እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ትልቁ ጭነት የሚወጣው ከጥር አጋማሽ ጀምሮ እስከ የካቲት መባቻ ነው። እርሻዎቹ ለዚሁ ሲሉ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ተክሉን ይቆርጡታል፤ ከተቆረጠ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ አበባው በአንድ ጊዜ እንዲደርስ።

ውጤቱን መገመት አይከብድም። ቀይ፣ ግንዱ ረጅም፣ ራሱ ትልቅ የሆነው ሮዝ በዚያ ሰሞን ሻንጣውን ሸክፎ ቦሌ ነው ያለው። ለአገር ውስጥ ገበያ በብዛት የሚተርፈው አጠር ያለው፣ ጎበጥ ያለው፣ ቅጠሉ የተቦጨቀው ነው። ጥሩውም አይጠፋም፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። እናንተ ደግሞ ከመቶ ሌላ ሙሽራ ጋር ነው የምትሻሙት።

ስለዚህ በጥር የምታገቡ ከሆነ ቀይ ሮዝን የሠርጉ ዋና አበባ አታድርጉት። «ቀይ ሮዝ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» የምትል ሙሽራ ካለች መፍትሔ አለ፤ በእጇ የምትይዘው እቅፍ ላይና ሙሽራው ኮት ላይ ብቻ ይሁን። ለዚያ የሚያስፈልገው ጥቂት ፍሬ ስለሆነ ውድ ቢሆንም አይጎዳም። ጠረጴዛውንና ስቴጁን በነጭ፣ በክሬም ወይም በፒች ሮዝ ሙሉት። የፍቅረኞች ቀን ገበያ ዓይኑን የጣለው ቀዩ ላይ ስለሆነ የሌሎቹ ቀለሞች ሽሚያ ቀለል ይላል። ከዚያም የተሻለው አማራጭ ካርኔሽን ነው፤ ስለ እሱ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የጥር ሰማይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ የሚያቃጥል ፀሐይ፣ አየሩ ደረቅ። ደረቅ አየር ከአበባ ላይ ውሃ ይመጥጣል። ሠርጋችሁ ድንኳን ውስጥ ወይም ግቢ ውስጥ ከሆነና ምሳ ላይ ከሆነ ቅጠለ ስስ አበባ አትምረጡ። ሃይድራንጃ ለምሳሌ ፎቶ ላይ እንደ ደመና ያምራል፤ ግን ውሃ ካጣ አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይኮማተራል። ውሃ ውስጥ ራሱን ቢነክሩት ብዙ ጊዜ ይነሳል። ችግሩ በሠርግ መሃል ማን ይነክረዋል?

የካቲት፦ ዓመቱ ከፈቀደ

ዐቢይ ጾም ቀኑ ይዞራል። ቀድሞ ሲገባ የካቲት 1፣ ዘግይቶ ሲገባ መጋቢት 5 ነው። ስለዚህ አንዳንድ ዓመት የካቲት ጨርሶ ለሠርግ አይሆንም። በ2018 ጾሙ የገባው የካቲት 9 ነበር፤ የፍቅረኞች ቀን ባለፈ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። በ2019 ግን የሚገባው የካቲት 29 ነው። የነነዌን ሦስት ቀን ጾም ስትዘሉ እንኳ ከፍቅረኞች ቀን በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ክፍት ጊዜ ይቀራል።

ይህ ክፍተት ቀይ ሮዝ ለሚወድ ሰው ወርቅ ነው። የፈረንጆቹ በዓል ካለፈ በኋላ የቀይ ሮዝ ፍላጎት በአንዴ ይወርዳል፤ ተክሉ ግን ማበቡን አያቆምም። የአዳራሽ ቀን ገና ካልያዛችሁና ዓመቱ የሚመች ከሆነ ከጥር 20ዎቹ ይልቅ ከየካቲት 8 በኋላ ያለውን ቅዳሜ ብታዩት ይሻላል። ከአዳራሽ ባለቤቶች ጋርም መደራደር ይቀላል።

ከፋሲካ በኋላ

ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ጾም የለባቸውም፤ ሁለተኛው የሠርግ ሰሞን ይኼ ነው። እዚህም አንድ የፈረንጅ በዓል አለ፤ አሜሪካና ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያከብሩት የእናቶች ቀን። የሚውለው በእነሱ ግንቦት ሁለተኛው እሑድ ላይ ነው፤ በእኛ ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባለው ሳምንት ገደማ። በ2019 ከዳግማይ ትንሣኤ ጋር አንድ ቀን፣ ግንቦት 1 ላይ ይውላል። የእናቶች ቀን እንደ የካቲቱ ቀዩን ብቻ አይፈልግም። ሐምራዊውን፣ ነጩን፣ ቅልቅሉን ይወስዳል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የምታገቡ ከሆነ ለጥር ወር የሰጠሁትን ምክር ገልብጡት፤ ቀዩ ይሻላችኋል።

ሙቀቱ በዚህ ሰሞን ከባድ ነው፤ በተለይ ሠርጉ ናዝሬት፣ ድሬዳዋ ወይም ባሕር ዳር ከሆነ። የበልግ ዝናብም ድንገት ያወርዳል። ግቢ ውስጥ ሊደረግ የታሰበ ጌጥ ሁሉ ወደ ቤት መግባት በሚችል ዕቃ ላይ ይሠራ። መሬት ላይ የተተከለ የአበባ ቅስት ዝናብ ሲመጣ ማንም አያነሳውም።

ክረምት፦ ርካሽ ግን ቀበጥ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሠርግ የለም የሚሉ አሉ። አለ እንጂ። ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቶች ያገባሉ። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች የዕረፍት ጊዜያቸው ይኼ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ክረምትን ይመርጣል። የመዘጋጃ ቤት ሠርግማ ወር አይመርጥም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ጋ አለ። ክረምት ለሮዝ ገዢ ጥሩ ሰሞን ነው። ያኔ አውሮፓ በጋ ነው፤ የራሳቸው አበባ በየጓሮው ስለሚያብብ ከእኛ የሚገዙት ይቀንሳል። ስለዚህ በጥር የማታገኙት ዓይነት ሮዝ በነሐሴ በደህና ዋጋ ሊገኝ ይችላል።

እርጥበቱ ግን ሻጋታ ይወልዳል። እርሻዎቹ ቦትራይቲስ ይሉታል። መጀመሪያ የምታዩት የክብሪት ራስ የምታህል ቡናማ ነጠብጣብ ናት፤ በውጭኛው የአበባ ቅጠል ላይ። ነጭ ሮዝ ላይ ቶሎ ትታያለች፤ ቀይ ላይ ትደበቃለች። ዛሬ ነጠብጣብ የነበረችው ነገ ሙሉውን አበባ ልታበሰብስ ትችላለች። በተለይ አበባው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላብ አልቦት ካደረ። በክረምት አበባ ስትረከቡ ላስቲኩን አስከፍታችሁ እዩ። ከእስሩ መሃል ሁለት ሦስት ፍሬ መዛችሁ እዩ። ከላይ የተደረደረው ሁልጊዜ ያምራል።

ለክረምት የሚመቸው ራሱ ጠንከር ያለ፣ ቅጠሉ ወፍራም አበባ ነው። ካላ ሊሊ ጥሩ ነው፤ ውሃ የሚወድ ተክል ስለሆነ እርጥበት ባለበት ግቢ ሁሉ ይበቅላል። የምታውቁት ሰው ግቢ ውስጥ ካለ ለምናችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። አንድ ሰባት ስምንት ግንድ በነጭ ሪባን ታስሮ የሙሽራ እቅፍ ይወጣዋል። ከዚህ የቀለለና ከዚህ ያማረ እቅፍ ብዙ አላየሁም።

ከመስከረም እስከ ኅዳር

ለእኔ ይኼ ነው የአበባ ሰሞን። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ ብላ ትጠራዋለች። ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ በዚህ ጊዜ ሠርግ ይደረጋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ግን የኦርቶዶክስ ሠርግ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ጥቅምትና የኅዳር መጀመሪያ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ምድሩም ገና አረንጓዴ ነው፤ አቧራው አልጀመረም። የፎቶ ፕሮግራማችሁ እንጦጦ ላይ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ወር የለም።

አደይ አበባን በሚመለከት ግን አትሸወዱ። መስከረም ላይ ሜዳውን ሲሸፍን ያየ ሁሉ «በአደይ አበባ እናስጊጠው» ይላል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን አደይ ከተቆረጠ በኋላ አቅም የለውም፤ ጠዋት የተለቀመው ከሰዓት ይጠወልጋል። ልጆች በዘመን መለወጫ የሚያዞሩት ዕቅፍ ቶሎ ስለሚሰጥ ነው የሚያምረው። ሠርግ ግን ከማለዳ እስከ ማታ ነው። ቢጫውን ከወደዳችሁት ቢጫ ሮዝ፣ ቢጫ አልስትሮሜሪያ (ትንሽ ሊሊ የምትመስለው አበባ) ወይም የፈረንጅ ሱፍ ተጠቀሙ። አደይን ለመግቢያው በር ብቻ፣ በዕለቱ ተለቅሞ፣ እንግዳ ሲገባ የሚያየው አድርጉት።

አበባ ከአበባ ጋር ሲተያይ

ሮዝ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ሆለታ ባለ ደጋ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አበባው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ራሱ ትልቅ፣ ግንዱም ረጅም ይሆናል። ዝዋይ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ቦታ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙ ይቆረጣል፣ ራሱ ግን አነስ ይላል። ለእጅ እቅፍ የደጋው ይሻላል። ለጠረጴዛ የዝዋዩ አነስተኛ ሮዝ ይበቃል፤ እንዲያውም አጭር የአበባ ማስቀመጫ ላይ የተሻለ ይቀመጣል። ሻጩን «የት አካባቢ ነው የመጣው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ ራሱን በጣት ጫን አድርጉት። ጠንከር ካለ አዲስ ነው። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ቆይቷል፤ እለፉት።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ሮዝ ሲገዛ የውጭኞቹ ሁለት ሦስት ቅጠሎች አረንጓዴ ቢጤ፣ የተጨማደዱ ናቸው። ብዙ ሰው አበባው የተበላሸ መስሎት ይመልሰዋል። አልተበላሸም፤ የሚጠብቁት ቅጠሎች ናቸው። ሲዘጋጅ ቀስ ተደርገው ይነቀላሉ፤ ውስጡ ንጹሕ ነው።

ካርኔሽን ስሙን ያጠፉት የሆቴል ጠረጴዛዎች ናቸው። አንድ ፍሬ ካርኔሽን ከአንድ ቅጠል ጋር ጠርሙስ ውስጥ ቆሞ ያየ ሰው «ይኼማ የካፌ አበባ ነው» ይላል። ሠላሳውን አንድ ላይ፣ ቅጠል ሳይቀላቅሉ፣ ራስ ለራስ አጠጋግተው ሲያስሩት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሩቅ ያየው ምን አበባ እንደሆነ አይለየውም። ውሃ ካገኘ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ሮዝ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ነው። የእኛ ሠርግ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። መልሱ አለ፣ ቅልቅሉ አለ። ሠርጉ ላይ የዋለው ካርኔሽን መልሱ ላይ እንደገና ይሠራል። በጥር ለሚያገባ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ካርኔሽን የሚጠላው ነገር ቢኖር የበሰለ ፍራፍሬና ጭስ ነው። ሁለቱም ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፤ አበባው እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጨፈናል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙዝና ማንጎ ከተቀመጠበት ክፍል ጋር አታሳድሩት። የጀበናው ከሰል ከሚነድበት ጎንም አታስቀምጡት። ጂፕሶፊላም እንደዚሁ ነው።

ጂፕሶፊላ፣ ያቺ እንደ ጤፍ የተበተነች ነጭ አበባ፣ ድሮ ለሮዝ መሙያ ብቻ ነበረች። አሁን ብቻዋን መዋል ጀምራለች። ብዙ ቦታ ትሸፍናለች፤ ስትደርቅም መልኳ ያን ያህል አይለወጥም። ትልቅ አዳራሽ በትንሽ በጀት መሙላት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ናት። ሽታዋ ግን ለሁሉም አይስማማም፤ ብዙ ከሆነች ምግብ አጠገብ አታድርጓት።

ሊሊየም ትልቅ ነው፤ ሽታውም ከሩቅ ይጠራል። አዳራሹ በር ላይ ያምራል። ሙሽሪት አጠገብ ግን አደጋ ነው። መሃሉ ላይ ያሉት ቡናማ የዱቄት ፍሬዎች ነጭ ቬሎ ከነኩ በውሃ ማሸት ያባብሰዋል፤ እድፉ ይሰራጫል። ከነካ በደረቁ፣ በፕላስተር ጫፍ እየነካኩ ማንሳት ነው። ከሁሉ የሚሻለው አበባው እንደተከፈተ ፍሬዎቹን ነቅሎ መጣል ነው። ዲኮር ሠሪው ይህን አድርጎ እንደሆነ ሳትጠይቁ ሙሽሪትን አጠገቡ አታቁሟት።

አልስትሮሜሪያ በዋጋም በዕድሜም መካከለኛ ነው፤ ቅልቅል ቀለም ለሚወድ ሰው ይሆናል። ስታቲስ፣ ያ ሲነኩት እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሸው ትንንሽ አበባ፣ ለመኪና ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የሙሽራ መኪና ላይ ሮዝ ማሰር ገንዘብ መበተን ነው። ፀሐይና ነፋስ ከተማውን ሁለት ዙር ሳይዞሩ ይጨርሱታል። ስታቲስ፣ ካርኔሽንና ሪባን ይበቃል።

ቱሊፕና ፒዮኒ በስልክ ላይ አይታችሁ ያማራችሁ ካላችሁ፣ ሁለቱም ለማበብ ብርቱ ቅዝቃዜ የሚፈልጉ ተክሎች ናቸው። እዚህ ከተገኙ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ዋጋቸውም እንደዚያው። ፒዮኒ የሚመስል ነገር ከፈለጋችሁ ቅጠሉ የበዛ፣ አፉ የተከፈተ የአትክልት ሮዝ የሚመስል ዝርያ ጠይቁ። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ተገዝቶ ሞቅ ባለ ክፍል፣ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ይከፈታል።

ቅጠሉን አትርሱ

ፈረንጆቹ ለሠርግ በውድ የሚገዙት ብርማ ቀለም ያለው ክብ ቅጠል አለ። እኛ እሱን የሚመስለው እንጦጦ ላይ ሞልቶናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ነጭ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ላይ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። የዚያ ቀንበጥ ቅጠል እንደ ትልቁ ዛፍ ረጅምና እንደ ማጭድ የታጠፈ አይደለም፤ ሰፋ ያለና ሞላላ ነው፣ ሰማያዊ ቢጤ አመድማ ነው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ መሃል ለመሃል ቢነጠፍና ነጭ ሮዝ እዚህም እዚያም ቢሰካበት የአበባውን ወጪ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከባለቤቱ ጠይቃችሁ ወይም ገዝታችሁ ነው ታዲያ፤ ደን ገብቶ መቁረጥ አይፈቀድም።

ቀጤማ የሌለበት ሠርግ ለብዙ እናቶች ሠርግ አይደለም። ድንኳን ውስጥና ቤት ውስጥ ጎዝጉዙ። የእብነ በረድ ወለል ባለው አዳራሽ ግን ይንሸራተታል፤ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ሚዜ እንዳትወድቅ። አንዳንድ አዳራሽም አይፈቅድም። አሪቲና ጠጅ ሳር ጠረጴዛ ላይ ቢቀላቀሉ ሽታቸው ከየትኛውም የተገዛ አበባ ይበልጣል።

አርቲፊሻል ወይስ የተፈጥሮ?

አዲስ አበባ ውስጥ የዲኮር ፓኬጅ ሲነገራችሁ አበባው በአብዛኛው አርቲፊሻል ነው። ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም። አርቲፊሻል ነውር አይደለም። ዋጋው በወር አይለዋወጥም፤ አይጠወልግም፤ ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ያለውን ትልቅ ግድግዳ በተፈጥሮ አበባ ልሙላ ቢባል በጀቱ አይችለውም። ከሩቅና በፎቶ ላይም አይታወቅም። ጠረጴዛ ላይ ግን ይታወቃል። እንግዳ ምግብ እስኪመጣ ሲቀመጥ እጁ የሚሄደው አበባው ላይ ነው፤ ይነካካዋል። የጨርቁ ጫፍ የተተለተለና አቧራ የያዘ ከሆነ ወዲያው ያስተውላል።

እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። ከሰው ሦስት ሜትር የሚርቀው ሁሉ አርቲፊሻል ይሁን። ሰው የሚነካውና የሚያሸተው የተፈጥሮ ይሁን፤ የሙሽሪት እቅፍ፣ የሚዜዎቹ፣ የእናቶች፣ የጠረጴዛው። በጥር ይህን ማድረግ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። በነሐሴ ደግሞ ሮዙ ስለሚረክስ ከአርቲፊሻሉ ላይ ቀንሳችሁ የተፈጥሮውን መጨመር ትችላላችሁ።

ውጭ ለምታገቡ

አሜሪካ ያላችሁ የምትገዙት ሮዝ በአብዛኛው ከኮሎምቢያና ከኢኳዶር የሚመጣ ነው። አውሮፓና ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ግን የኢትዮጵያን ሮዝ በቀላሉ ታገኛላችሁ፤ ሻጩን መጠየቅ ብቻ ነው። ፈረንሳይ ወይም ጣሊያን የምታገቡ ከሆነ ክሪሳንተመምን ተዉት። እኛ ጋ ምንም ችግር የለውም፤ እነሱ ጋ የመቃብር አበባ ነው። የባል ወይም የሚስት ቤተሰብ የዚያ አገር ሰው ከሆነ ፊታቸው ይለወጣል።

ከዲኮር ሠሪው ጋር ስትስማሙ

«አበባ ይኖራል» የሚል ስምምነት ስምምነት አይደለም። የአበባው ዓይነት፣ ቀለም፣ በአንድ ጠረጴዛ ስንት ፍሬ፣ የተፈጥሮ ወይስ አርቲፊሻል፤ ይህ ሁሉ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተባለው አበባ ካልተገኘ በምን እንደሚተካ ይጻፍ። በጥር ይህ ይከሰታል። ካልተጻፈ በሠርጉ ጠዋት ነጭ ያላችሁት ቢጫ ሆኖ ይመጣል፤ ያኔ ማን ሊጨቃጨቅ?

አበባውን በራሳችሁ ገዝታችሁ ዘመድ ጓደኛ የሚያስረው ከሆነ ሮዙን ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግዙ። እንደገባ ግንዱን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አሰያፍ ቁረጡት። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አንሱ፤ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ነው አበባው የሚሞተው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና ጨምሩ። ሎሚ ወይም አቼቶ ከበረኪና ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። አበባ የሚሰካበት አረንጓዴ ስፖንጅ ከተጠቀማችሁ ውሃ ላይ ጣሉትና ራሱ እስኪሰምጥ ጠብቁ። በእጅ ከተጫኑት ውስጡ ደረቅ ይቀራል፤ እዚያ ደረቅ ቦታ ላይ የተሰካው አበባ ምሳ ሳይደርስ ይረግፋል።

ተክሊል የምታደርጉ ደግሞ ቀናችሁ ገና ሳይነጋ ነው የሚጀምረው። የሙሽሪት እቅፍ እስከ ማታ አሥራ አምስት ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። ስለዚህ የእቅፉ ግንድ እስከ ጫፉ በሪባን አይጠቅለል፤ ከታች አራት ጣት ያህል ባዶ ይተው። አንዷ ሚዜ ኃላፊነቱን ትውሰድና ሙሽሪት እቅፉን ባስቀመጠች ቁጥር ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ታቁመው። መኪና ውስጥም ፀሐይ የማያገኘው ቦታ፣ እግር ሥር ይሁን፤ ከኋላ መስታወቱ ሥር የተቀመጠ እቅፍ አዳራሽ ሲደርስ የበሰለ ነው።